የሕፃን ሣቅና የአዋቂ ፍርድ

ለሕፃናት በሚቀርብ የኪነ ጥበብ ሥራ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ከሌላው ፍርድ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ሥራውን የሚሠራው አዋቂ ነው፤ የሚያሰራጨው አዋቂ ነው፤ የሚያወድሰውም ሆነ የሚያወግዘው አዋቂ ነው። ሥራው የተሠራለት ሕፃን ግን በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል ለምስክርነት እንኳ ሲጠራ አይታይም። ሣቁ ከጓዳ ይሰማል፤ ስለ ምን እንደሣቀ የሚጠይቀው ግን አይገኝም። ለመሆኑ አዋቂ ሰው ልጁ ባየው ነገር ላይ የሚፈርደው በምን መብት ነው? ልጁ ከዚያ ከሥራው ይዞት ለሚሄደው ነገርስ በኃላፊነት የሚጠየቀው ማን ነው? ሠዓሊው ነው? አሰራጪው ነው? ወይስ ልጁን ከመስኮቱ ፊት ትቶ የሄደው አሳዳጊ?

ይህን ጥያቄ በሐሳብ ደረጃ ብቻ ከማንሣት ይልቅ በአንድ ተጨባጭ ሥራ ላይ መመርመሩ የተሻለ ይሆናል። ለዚህም «ስፖንጅቦብ ስኩዌርፓንትስ» የተባለው የካርቱን ተከታታይ ፊልም በቂ መነሻ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ፣ ኒኬሎዲየን በተባለው የሕፃናት ቴሌቪዥን ጣቢያ መታየት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከሃያ አምስት ዓመታት በላይ ዘልቆ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በብዙ አገሮች ታይቷል። በዚህም ዘመን ውስጥ የተመልካቹ አስተያየት እንደዚህ ሥራ የተለያየባቸው የሕፃናት ፊልሞች ጥቂቶች ናቸው።

የፊልሙ ፈጣሪ ስቴፈን ሂለንበርግ ከሠዓሊነታቸው በፊት የባሕር ሥነ ሕይወት መምህር ነበሩ። በካሊፎርኒያ፣ ዴና ፖይንት በሚገኝ የባሕር ጥናት ተቋም ውስጥ ለጎብኚ ተማሪዎች ስለ ባሕር ዳርቻ ፍጥረታት ያስተምሩ ነበር። ለማስተማሪያ እንዲሆንም በሥዕል የተዘጋጀ መጽሐፍ ሠሩ። ኋላ የካርቱን ጥበብ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1992 በዚሁ ሙያ የማስተርስ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ፣ እነዚያኑ የባሕር ፍጥረታት ወደ ቴሌቪዥን መስኮት አመጧቸው። ዋናው ገጸ ባሕርይ በአናናስ ቤት ውስጥ የሚኖር፣ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ስፖንጅ ነው። የልብ ወዳጁ ፓትሪክ የባሕር ኮከብ ነው፤ ጎረቤቱና የሥራ ባልደረባው ስኩዊድዋርድ ዘወትር የሚነጫነጭ ኦክቶፐስ ነው፤ አሠሪያቸው ሚስተር ክራብስ ከገንዘብ በቀር ሌላ ነገር የማይታየው ሸርጣን ነው።

በዚህ ሥራ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ወቀሳ ከመምህርነት አመለካከት የሚመነጭ ነው። በእውነተኛው ዓለም ስፖንጅ አእምሮም ሆነ የነርቭ ሥርዓት የሌለው፣ ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቆ በሰውነቱ ቀዳዳዎች ውኃን እያጣራ የሚመገብ እንስሳ ነው። በፊልሙ ውስጥ ግን ይሮጣል፤ ይስቃል፤ በምግብ ቤት ውስጥ ሥጋ እየጠበሰ ያድራል። ታዲያ ይህ ለልጅ ሐሰትን ማስተማር አይደለምን? ወቀሳው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ የፊልሙን አንድ ክፍል በጥሞና የተመለከተ ሰው ሌላ ነገር ያስተውላል። ሁለቱ ጓደኛሞች በባሕር ወለል ላይ እሳት አንድደው ሲሞቁ፣ ሞኝ ተብሎ የሚታወቀው የባሕር ኮከብ፣ በውኃ ውስጥ እሳት እንዴት ሊነድ እንደቻለ ይጠይቃል። ጥያቄው ገና ከአፉ እንደወጣ እሳቱ ይጠፋል። ሕፃኑም በሣቅ ይፈነዳል። ውኃ እሳትን እንደሚያጠፋ የማያውቅ ልጅ ግን በዚህ ሊስቅ አይችልም። እንግዲህ ሣቁ የመጣው ካለማወቅ ሳይሆን ከማወቅ ነው ማለት ነው። ልጁ የተፈጥሮን ሕግ አስቀድሞ ስላወቀ ነው የሕጉ መፍረስ የሚያስቀው። መምህሩ ሐሰት ሲል የፈረደበት ቦታ፣ ልጁ ዕውቀቱን የሚፈትንበት ቦታ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው ወቀሳ የሥነ ምግባር ጠባቂነት ወቀሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ፣ ይህ ገጸ ባሕርይ ከሌሎች ብዙ የሕፃናት ገጸ ባሕርያት ጋር ሆኖ ስለ መቻቻል በተዘጋጀና ለትምህርት ቤቶች በታሰበ የሙዚቃ ቪዲዮ ላይ በመቅረቡ ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጄምስ ዶብሰን የተባሉት ታዋቂ የክርስቲያን ድርጅት መሪ፣ ከቪዲዮው ጀርባ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ልጆችን የማግባባት ዓላማ አለ ሲሉ ነቀፉ። ወቀሳቸው በገጸ ባሕርዩ ላይ ሳይሆን በቪዲዮው አጠቃቀም ላይ መሆኑን ኋላ ቢያብራሩም፣ ነገሩ በጋዜጦች ሲናኝ ስፖንጁ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ቀረበ። ሂለንበርግ ግን ገና ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ገጸ ባሕርያቱን ከጾታ ጉዳይ ውጭ አድርገው እንደሚያስቧቸው ተናግረው ነበር። በሌላ አገር ደግሞ ወቀሳው ሌላ መልክ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኢንዶኔዥያ የስርጭት ኮሚሽን በአንድ የስፖንጅቦብ ፊልም ውስጥ ገጸ ባሕርያት ሲደባደቡ መታየታቸውን ጠቅሶ ባሰራጨው ጣቢያ ላይ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል።

በሁለቱ አገሮች የተነሣው ሥጋት የተለያየ ነው። በአንዱ የሚፈራው ጾታ ነው፤ በሌላው ዱላ ነው። ፊልሙ ግን ያው አንድ ነው። ይህም የሚያሳየው አዋቂው በሥራው ውስጥ አስቀድሞ ያየው የራሱን ኅብረተሰብ ጭንቀት መሆኑን ነው። ጭንቀቱ ሁሉ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም፤ ልጅን ከጥቃት ምሳሌ መጠበቅ ተገቢ ሥጋት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። በልጁ ስም የሚደረገው ክርክር፣ ልጁ በእርግጥ ያየውን ነገር ሳይጠይቅ፣ አዋቂዎች እርስ በርሳቸው የሚነታረኩበት መድረክ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለሕፃን የቀረበ ሥራ ሁሉ ጨዋታ ስለሆነ ይተው፤ ልጁ ይሳቅ፤ ማንም ምንም አይበል የሚል መደምደሚያ ላይ የሚደርሱ አሉ። ይህም ቢሆን ከመጀመሪያው የማይሻል ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ አንጄሊን ሊላርድና ጄኒፈር ፒተርሰን የተባሉት ተመራማሪዎች 60 የአራት ዓመት ሕፃናትን በሦስት ቡድን ከፈሉ። አንዱ ቡድን ይህንኑ የባሕር ፍጥረታት ፊልም ለ9 ደቂቃ ተመለከተ፤ ሁለተኛው በዝግታ የሚሄድ ትምህርታዊ ካርቱን ተመለከተ፤ ሦስተኛው በወረቀት ላይ ሥዕል ሲሥል ቆየ። ወዲያው በተሰጣቸው ፈተና፣ የመጀመሪያው ቡድን ሕፃናት ሐሳባቸውን በመሰብሰብ፣ መመሪያን በማስታወስና ራሳቸውን በመግዛት ከሁለቱ ቡድኖች አንሰው ተገኙ።

የቴሌቪዥን ጣቢያው፣ ፊልሙ የተዘጋጀው ከ6 እስከ 11 ዓመት ለሆኑ ልጆች እንጂ ለአራት ዓመት ሕፃናት አይደለም ሲል ተከራከረ። ጥናቱም ቢሆን የለካው ፊልሙ እንዳበቃ የታየውን ውጤት እንጂ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ጉዳትን አልነበረም። ሊላርድ ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ተከታይ ጥናት ደግሞ ሕፃኑን የሚያደክመው የሥዕሎቹ ፍጥነት ሳይሆን በተፈጥሮ ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮች መደራረብ ሆኖ እንደተገኘ አመለከቱ። ይህ ውጤት ከላይ ስለ እሳቱ ከተባለው ጋር ሲነጻጸር አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። የሰባት ዓመቱን ልጅ የሚያስቀው የተፈጥሮ ሕግ መፍረስ፣ የአራት ዓመቱን ሕፃን አእምሮ ሊያደክም ይችላል። ሥራው አንድ ነው፤ ተመልካቹ ግን አንድ አይደለም።

ይህ ጥናት ከቀደሙት ወቀሳዎች የሚለየው መደምደሚያው የጠነከረ ስለሆነ አይደለም። ልጁን በማየቱ ነው። ተመራማሪዎቹ የፊልሙን መልእክት ከመመርመር ይልቅ ሕፃኑን አስቀምጠው፣ ካየ በኋላ ምን ማድረግ እንደቻለና ምን እንዳቃተው ተመለከቱ። በዚህም ሁለቱንም ወገን የሚገታ ነገር አገኙ። ሥነ ምግባር ጠባቂው የፈራውን የተሰወረ ዓላማ አላሳዩም፤ «ጨዋታ ነው፣ ተዉት» የሚለውንም ሰው ነፃ አላወጡትም። ዘጠኝ ደቂቃ በአንድ ሕፃን ላይ የሚያመጣው ለውጥ ካለ፣ ያንን ዘጠኝ ደቂቃ ለሚያዘጋጀውም ሆነ ለሚፈቅደው ሰው ኃላፊነት አለበት ማለት ነው።

ሦስተኛው ዓይነት አስተያየት ከሠራተኛውና ከአሠሪው ግንኙነት የሚነሣ ነው። የፊልሙ ዋና መቼት ምግብ ቤት ነው። ሚስተር ክራብስ ባለንብረት ነው፤ ስፖንጁና ኦክቶፐሱ ተቀጣሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታየ አንድ ክፍል፣ ባለንብረቱ ሠራተኞቹን በማይረባ ምክንያት ሁሉ ገንዘብ ማስከፈል ሲጀምር ኦክቶፐሱ ስፖንጁን አስተባብሮ የሥራ ማቆም አድማ ይመታል። ስፖንጁ ስለ አድማ ምንም አያውቅም። ባልደረባው የአሠሪውን ሥርዓት ማፍረስ እንዳለባቸው ሲነግረው ቃሉን እንዳለ ተቀብሎ፣ ሌሊቱን ምግብ ቤቱን ከነምሰሶው ሲያፈርስ ያድራል። ይህ የሆነው ደግሞ ባለንብረቱና ኦክቶፐሱ በተስማሙበት ሌሊት ነው። በመጨረሻም ሁለቱም የፈረሰውን ቤት ዕዳ ለመክፈል ያለ ማብቂያ እንዲሠሩ ይፈረድባቸዋል።

አንዳንድ አዋቂ ተመልካቾች በዚህ ክፍል ውስጥ የሠራተኛውን ትግል የሚያቄል መልእክት ያያሉ። ሌሎች ደግሞ ለትርፍ ሲል እስከ ተቀጣሪው ትንፋሽ ድረስ የሚሸጥን አሠሪ የሚያጋልጥ ቀልድ ያዩበታል። ሁለቱም ትርጓሜዎች ከሥራው ውስጥ መነሻ አላቸው። ሕፃኑ ግን የሚያየው ሦስተኛውን ነው፤ ቃልን እንደ ቃሉ ወስዶ ቤት ያፈረሰ የዋህ ያያል። ይህም የራሱ የሕፃኑ የየዕለት ኑሮ ነው። የአዋቂን ንግግር እንደሰማ ፈጽሞ ያልተቀጣ ልጅ ማን ነው? ያው ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ደሞዙ ከወር ወር የማያደርሰው ተቀጣሪ ሆኖ ያንኑ ክፍል ቢያይ፣ በልጅነቱ የጠላውን ነጭናጫ ኦክቶፐስ ሊያዝንለት ይችላል። አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ለሕፃን በመሠራቱ ብቻ አንድ ትርጉም አለው ማለት እንደማይቻል ይህ ያሳያል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በስስታም አሠሪ ላይ የሚቀልደው ይህ ፊልም ራሱ በማስታወቂያና በአሻንጉሊት ሽያጭ የሚተዳደር የንግድ ሥራ ነው። ሕፃኑም በአንድ ጊዜ ተመልካችም ገበያተኛም ሆኖ ከመስኮቱ ፊት ይቀመጣል። በቀልዱ ውስጥ ያለው ሸርጣን ይታየዋል፤ ከመስኮቱ ጀርባ ያለውን ሸርጣን ግን ማንም ካላሳየው በራሱ ሊያየው አይችልም።

አራተኛው አስተያየት ከሁሉም የከበደ ነው። የፊልሙ የባሕር ሥር ከተማ ቢኪኒ ቦተም ይባላል፤ ትርጉሙም «የቢኪኒ ወለል» እንደ ማለት ነው። ቢኪኒ በሰላማዊ ውቅያኖስ፣ በማርሻል ደሴቶች የሚገኝ እውነተኛ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1946 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኑክሌር ቦምብ ሊሞክርበት ሲል 167 ነዋሪዎችን ከቀያቸው አንሥቶ ሮንጌሪክ ወደተባለ ደሴት አጋዛቸው። ከ1946 እስከ 1958 ድረስ በቢኪኒ 23 የኑክሌር ፍንዳታዎች ተካሄዱ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1954 የፈነዳውም 15 ሜጋቶን ጉልበት ነበረው፤ መርዘኛ አመዱም በአጎራባች ደሴቶች ነዋሪዎች ላይ ዘነበ። የቢኪኒ ሰዎች ሮንጌሪክ ላይ በረኀብ ተጎዱ፤ ከስፍራ ወደ ስፍራ ተንከራተቱ። የአባቶቻቸው ምድርም እስከ ዛሬ ድረስ በሙሉ ልብ የሚመለሱባት አልሆነችም። እ.ኤ.አ. በ2019 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ አንትሮፖሎጂስት ሆሊ ባርከር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ይህ ስም የሕፃናት መጫወቻ ሲሆን የተፈናቀለው ሕዝብ ከታሪኩ እንደሚጠፋ አመለከቱ። በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ብዙዎች ተሣለቁባቸው፤ በካርቱን ላይ እንዲህ ያለ ክስ መመሥረት ከልክ ያለፈ ነው ተባለ።

ከመሣለቅ በፊት ግን ማሰብ ይገባ ነበር። በቢኪኒ ቦተም የሚስቅ የስድስት ዓመት ልጅ በደል አልሠራም፤ ሣቁም ንጹሕ ነው። ነገር ግን ልጁ አድጎ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ስለ ቢኪኒ የሚያውቀው የአናናስ ቤትን ብቻ ከሆነ፣ በዚያ ጊዜ የጎደለ ነገር አለ። የጎደለው ከፊልሙ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ከትምህርት ቤቱም፣ ከቤተሰቡም፣ ከአገሩ ታሪክ አጻጻፍም ነው። ስለዚህ የባርከር ጥያቄ የሚቀርበው ለሚስቀው ሕፃን ሳይሆን፣ ሕፃኑ ካደገ በኋላም እውነቱን ላልነገረው አዋቂ ነው። ፊልሙን ማገድ ለቢኪኒ ሰዎች የሚመልስላቸው ነገር የለም። ስሙን መነሻ አድርጎ ታሪካቸውን ማስተማር ግን ቢያንስ ከመረሳት ያድናቸዋል።

ነገሩን ለአንባቢ ቅርብ በሆነ ምሳሌ ለመመልከት፣ በኢትዮጵያ ምድጃ ዳር ለልጆች የሚነገረውን የእንስሳት ተረት ማንሣት ይቻላል። በተረቱ ውስጥ ጦጣ ታታልላለች፤ ቀበሮ ትዋሻለች፤ ጅብ በሞኝነቱ ይደበደባል፤ የበላው ሁሉ ተበልቶ ያልቃል። በጭካኔና በተንኮል ቢለካ ከቴሌቪዥኑ ካርቱን የሚያንስ አይደለም። ሆኖም አያት ለልጅ ልጇ «ተረት ተረት» ስትል፣ ልጁም «የላም በረት» ብሎ ሲመልስ፣ ይህ ልጅ ይበላሻል ብሎ የሰጋ ሽማግሌ አልነበረም። ምክንያቱ ተረቱ የጸዳ ስለሆነ አልነበረም፤ ተራቿ በስፍራው ስለነበረች ነው። ጅቡ ሲመጣ የልጁ ዓይን በፍርሃት ሲፈጥ ታያለች፤ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ አንዳንዴም ጅቡን ከመንገድ ትመልሰዋለች። ልጁ ለጅቡ ካዘነ ለምን እንዳዘነ ትጠይቀዋለች። የአራት ዓመቱንና የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ በአንድ ምድጃ ዳር አስቀምጣ፣ አንዱን ተረት ለሁለቱም በየልካቸው ታካፍላቸዋለች። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ሲባል፣ ብርሌውን የሚይዝ እጅ መኖሩ አብሮ የታሰበ ነው።

ቴሌቪዥን ያመጣው መሠረታዊ ለውጥ እዚህ ላይ ነው። ተረቱ ቀረ ማለት አይደለም፤ ተራቹ ከልጁ ፊት ተለየ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚሥለው እጅ በሌላ ክፍለ ዓለም የሚስቀውን ፊት አያይም። ፍርሃቱን አይቶ ታሪኩን አያለዝበውም፤ ድካሙን አይቶ አያቆምም። ይህ ጉድለት በሠዓሊው ቅንነት ብቻ ሊሞላ አይችልም። በመከልከል ብቻም አይሞላም፤ የከለከለ ሰው የተራቹን ስፍራ ባዶ ትቶ ሄደ እንጂ አልተቀመጠበትምና።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ብርቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርታ ማታ እራት የምታበስል እናት፣ ከልጇ ጎን ተቀምጣ ካርቱን የምታይበት ጊዜ ከየት ይመጣል? ቴሌቪዥኑ በብዙ ቤት ውስጥ ያለ ደሞዝ የተቀጠረ ሞግዚት ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱን በእናቲቱ ጫንቃ ላይ ብቻ መጣል ፍትሕ አይሆንም። መምህር ልጆቹ ትናንት ማታ ያዩትን በቃላቸው እንዲተርኩለት አሥር ደቂቃ ቢሰጣቸው፣ ከማንኛውም ኮሚሽን የበለጠ ማስረጃ ያገኛል። ጣቢያው የትኛው ፊልም ለየትኛው ዕድሜ እንደተሠራ በግልጽ ቢናገር፣ ሞግዚቱን ቢያንስ በስሙ ያስታውቀዋል። ሠዓሊውም ሥራውን ከማሰራጨቱ በፊት ለጥቂት ሕፃናት አሳይቶ ሣቃቸውን ብቻ ሳይሆን ዝምታቸውንም ቢያዳምጥ፣ ከሩቅ ሆኖም ቢሆን ወደ ምድጃው ይቀርባል። ፍርዱ በእነዚህ ሁሉ መካከል መከፈል አለበት እንጂ ለአንዱ የሚተው አይደለም።

ሂለንበርግ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 በጽኑ የነርቭ በሽታ ምክንያት በ57 ዓመታቸው ዐረፉ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች አንድ ጥያቄ ፈረሙ። ጥያቄው በየካቲት 2019 በሚካሄደው ትልቁ የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ ላይ፣ ለመታሰቢያቸው ከፊልሙ አንድ የታወቀ መዝሙር እንዲቀርብ ነበር። በዕለቱ የታየው የጥቂት ሰኮንዶች ቅንጭብ ብቻ ስለነበረ ብዙዎች አዘኑ። እንግዲህ እነዚህ ፈራሚዎች አብዛኞቹ እነማን እንደነበሩ መገመት አያስቸግርም። እ.ኤ.አ. በ1999 ስድስትና ሰባት ዓመት የነበሩት፣ በስማቸው ሲከሰስና ሲከራከሩበት የኖረው ያ ሕፃን ናቸው። ለምስክርነት ሳይጠሩ ሃያ ዓመት ቆይተው ራሳቸው መጡ። የተናገሩትም ስለ ጾታም፣ ስለ ዱላም፣ ስለ ሐሰትም አልነበረም፤ ስላስቃቸው ሰው ሞት ነበር።

ይህ ምስክርነት ክርክሩን ሁሉ አይዘጋም። መውደድ ብቻውን ሥራው አልጎዳም ለማለት ማስረጃ አይሆንም፤ የቢኪኒ ሰዎችንም ጥያቄ አይመልስም። ነገር ግን ከዚህ በኋላ በማንኛውም የሕፃናት ሥራ ላይ ሊፈርድ የሚነሣ አዋቂ፣ መምህርም ይሁን ሠዓሊ ወይም የባህል ኃላፊ፣ አስቀድሞ ሊፈጽመው የሚገባ አንድ ቀላል ግዴታ መኖሩን ያስታውሳል። ሥራውን ከአንድ ልጅ ጎን ተቀምጦ ይመልከተው፤ ልጁ ሲስቅ በምን እንደሣቀ ይጠይቀው፤ መልሱንም እስኪጨርስ ይጠብቀው። ፍርዱን ከዚያ በኋላ ይስጥ።